የፕሮግራም ውስብስብነት በምን ይለካል? ፕሮግራሙ ከምሳሌ የሚማር ሲሆንስ?



ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም በተነሣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ አጻጻፉ ነው። ስለ ንባቡ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም አንድ የፕሮግራም መስመር የሚጻፈው አንድ ጊዜ ሲሆን የሚነበበው ግን ብዙ ጊዜ ነው፤ ስሕተት ሲገኝበት ይነበባል፣ አዲስ ነገር ሊጨመርበት ሲታሰብ ይነበባል፣ ጸሐፊው ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወርም ተተኪው ቁጭ ብሎ ያነበዋል። በዓመቱ አጋማሽ ላይ የተዛወረ መምህር ትቶት የሄደውን የትምህርት ዕቅድ ተቀብሎ ክፍል የገባ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ዕቅዱ ግልጽ ከሆነ በማግሥቱ ሥራ ይጀመራል፤ ካልሆነ ግን አዲሱ መምህር ሁሉን ነገር ከሀ ብሎ መጀመሩ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ የተነሣነው ሁለት ነገሮችን ነው። አንደኛው፣ የአንድ ፕሮግራም ውስብስብነትና ለጥገና ያለው ምቹነት በቁጥር የሚለካበትን መንገድ ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ ይኸው መለኪያ ማሽን ለርኒንግ ወደሚባለው፣ ማለትም ማሽን ከምሳሌዎች እንዲማር ወደሚደረግበት የሶፍትዌር ዓይነት ሲመጣ ለምን እንደሚያሳስት ነው። ለእኛ ለእጩ መምህራን ነገሩ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ኢ-ሬተር የሚባል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1999 ጂማት በሚባለው ፈተና ላይ ከሰው አራሚ ጎን ሆኖ ለድርሰቶች ነጥብ መስጠት ጀምሮ ነበር። ትምህርት ሊያቋርጥ የሚችለውን ተማሪ አስቀድሞ የሚገምቱ ፕሮግራሞችም በልዩ ልዩ አገሮች ተሠርተዋል። ነጥቡ የልጅ ነጥብ ነውና ማሽኑ ሲበላሽ ማን እንደሚያውቀው፣ ማንስ እንደሚጠግነው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥገና ስንል

ጥገና ስንል የመኪና ጥገና ዓይነት አይደለም። ፕሮግራም ጎማው አያልቅም፣ ዘይቱም አይቃጠልም። የሚያረጀው ዙሪያው ስለሚለወጥ ነው፤ የማለፊያ ነጥብ ይለወጣል፣ የትምህርት ዓይነት ይጨመራል፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ይቀየራል። ሜይር ሌማን የተባለው የሶፍትዌር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን በሕግ መልክ አስቀምጦታል፤ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም በየጊዜው መለወጡ አይቀርም፣ በተለወጠም ቁጥር ሆን ተብሎ ካልተስተካከለ በስተቀር ውስብስብነቱ እየጨመረ ይሄዳል የሚል ነው። ዋርድ ከኒንግሃም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ነገሩን በብድር መሰለው። ቶሎ ለመጨረስ ተብሎ በጥድፊያ የተጻፈ ኮድ ዕዳ ነው፤ ካልተከፈለ ወለድ ይወልዳል፣ ወለዱም ወደፊት ለውጥ በተፈለገ ቁጥር የሚባክነው ጊዜ ነው። «የቴክኒክ ዕዳ» የሚባለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው።

ታዲያ ዕዳው ምን ያህል እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? «ይህ ኮድ ውስብስብ ነው» ማለት «ይህ ተማሪ ጎበዝ ነው» እንደማለት ነው። ሁሉም ይለዋል፣ መለኪያ ግን ያስፈልገዋል።

መንታ መንገዶችን መቁጠር

ከመለኪያዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ቶማስ ማኬብ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፕሮግራም ማለት መንገድ ነው፤ «እንዲህ ከሆነ ወደዚህ፣ ካልሆነ ወደዚያ» የሚል ትእዛዝ በመጣ ቁጥር መንገዱ መንታ ይሆናል። ማኬብ ፕሮግራሙን በነቁጥና በቀስት ይሥለዋል። ነቁጡ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ነው፣ ቀስቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ነው። ከዚያ ቀስቶቹን ቆጥረን፣ ከእነርሱ ላይ የነቁጦቹን ብዛት እንቀንስና 2 እንጨምራለን።

በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ማየት ይቻላል። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ሥራዎች (አንዱ ለአዎን፣ አንዱ ለአይደለም)፣ በመጨረሻም ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ይሣል። ነቁጦቹ 4 ናቸው። ቀስቶቹም 4 ናቸው። 4 ሲቀነስ 4 ሲደመር 2፣ መልሱ 2 ይሆናል። ለተለመደው ዓይነት ፕሮግራም አቋራጭም አለ፤ ሥዕሉን ትቶ የመንታ መንገዶቹን ብዛት ቆጥሮ 1 መጨመር ነው።

አሁን ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ እንውሰድ። ተማሪን ከክፍል ክፍል የሚያዛውር ፕሮግራም ነው እንበል። የተማሪው ውጤት ካልተሟላ «ያልተሟላ» ይላል፤ አማካዩ ከ50 በታች ከሆነ «ይደግማል» ይላል፤ ከሁለቱም ካልሆነ «ተዛውሯል» ይላል። መንታ መንገዶቹ 2 ናቸው፤ ውስብስብነቱ 3 ነው። ይህ ሥራ ለክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ በዙር እንዲሠራ ስናደርግ ዙሩ ራሱ ጥያቄ ነው («ቀጣይ ተማሪ አለ ወይስ አልቋል?»)፤ ስለዚህ 4 ይሆናል። ርእሰ መምህሩ መጥተው «አማካዩ ከ50 በታች ከሆነ ወይም ከ2 በላይ ትምህርት ከወደቀ ይድገም» ቢሉ፣ ያቺ «ወይም» የምትለዋ ቃል አንድ ጥያቄ ትጨምራለች፤ 5 ሆነ ማለት ነው። ፕሮግራሙ በጣት ከሚቆጠሩ መስመሮች አላለፈም፤ ቁጥሩ ግን ከ3 ወደ 5 ወጣ። መመሪያ ሲጨመር ውስብስብነት እንዴት እንደሚገባ በዓይን የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩ ከንቱ ቁጥር አይደለም። መሠረታዊ የሆኑትን መንገዶች አንድ በአንድ ለመሞከር ቢያንስ ስንት የፍተሻ ምሳሌ ማዘጋጀት እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል። ማኬብ ራሱ 10ን እንደ ተገቢ ወሰን አቅርቧል፤ ሆኖም ምትሐታዊ ቁጥር እንዳልሆነ አሳስቧል። ዛሬ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈን ኮድ የሚለካው ራዶን የተባለው መሣሪያ ለእያንዳንዱ ፈንክሽን ደረጃ ይሰጣል፤ ከ1 እስከ 5 ያገኘው ኤ፣ ከ6 እስከ 10 ቢ እያለ ይወርዳል፣ ከ40 በላይ የሆነው ኤፍ ነው። እንግዲህ የተማሪ ካርድ እንደ ማለት ነው።

አንድ ጉድለት ግን አለበት። ሦስት ጥያቄዎች ጎን ለጎን ተራ በተራ ቢመጡም፣ ወይም አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ ቢቀበሩም፣ የማኬብ መልስ ያው 4 ነው። ያነበበ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረስቶታል። ሶናርሶርስ የተባለው ድርጅት ያወጣው «የግንዛቤ ውስብስብነት» የሚሉት መለኪያ ለዚህ የተዘጋጀ ነው፤ ጎን ለጎን ላሉት ሦስት ጥያቄዎች 3 ሲሰጥ፣ እርስ በርስ ለተቀበሩት ግን 1 ሲደመር 2 ሲደመር 3፣ በጠቅላላው 6 ይሰጣል።

ቃላትን መቁጠር፣ ከዚያም ሁሉን በአንድ ቁጥር ማጠቃለል

ሞሪስ ሃልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ የተከተለው መንገድ ሌላ ነው። እርሱ ኮድን እንደ ቋንቋ ያየዋል። የሂሳብ ምልክቶችንና ትእዛዞችን በአንድ ወገን፣ ምልክቶቹ የሚሠሩባቸውን ስሞችና ቁጥሮች በሌላ ወገን ይቆጥራል። ለምሳሌ «አማካይ = ድምር / ብዛት» የሚለውን መስመር እንውሰድ። ምልክቶቹ 2 ናቸው (የእኩል ይሆናልና የማካፈል ምልክት)፣ ስሞቹ 3 ናቸው። ርዝመቱ 5 ነው፤ የተለያዩት ቃላትም 5 ናቸው። ርዝመቱን በተለያዩት ቃላት ብዛት ሎጋሪዝም (መሠረቱ 2 በሆነ) ስናባዛ 5 ጊዜ 2.32፣ ማለትም 11.6 ግድም ይመጣል። ይህን «የኮዱ ይዘት» ይለዋል።

ፖል ኦማንና ጃክ ሄግማይስተር እ.ኤ.አ. በ1992 እነዚህን መለኪያዎች አንድ ላይ አጣምረው «የጥገና ምቹነት መለኪያ» የተባለውን ሐሳብ አቀረቡ። ይበልጥ የታወቀው ቀመሩ እንዲህ ነው፦ ከ171 ላይ የሃልስቴድ ይዘት ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም በ5.2 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ የማኬብ ቁጥር በ0.23 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ የመስመሮቹ ብዛት ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም በ16.2 ተባዝቶ ይቀነሳል። የተረፈው ከ85 በላይ ከሆነ ለጥገና ምቹ፣ ከ65 እስከ 85 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች አስቸጋሪ ነው ይባላል።

ቀመርን ዝም ብሎ መቀበል ለመምህር አይገባምና እናስላው። ይዘቱ 1000፣ የማኬብ ቁጥሩ 10፣ መስመሮቹ 50 የሆኑ አንድ ፈንክሽን አለ እንበል። የመጀመሪያው ተቀናሽ 35.9፣ ሁለተኛው 2.3፣ ሦስተኛው 63.4 ግድም ነው። የሚቀረው 69.4 ነው፤ መካከለኛ ማለት ነው። አሁን የማኬብን ቁጥር በእጥፍ አሳድገን 20 እናድርገው። የሚቀነሰው 2.3 ብቻ ይጨምራል! የመስመሮቹን ብዛት ብቻ በእጥፍ ብናሳድግ ግን 11.2 ይቀንሳል። እንግዲህ ይህ የተከበረ መለኪያ በአመዛኙ መስመር ቆጣሪ ነው። በእኛ አስተያየት ከሎጋሪዝሙ ግርማ የተነሣ ብዙ ሰው ይህን ልብ አይልም።

ሌላም አለ። የማይክሮሶፍት ቪዡዋል ስቱዲዮ ይህንኑ ቁጥር ከ0 እስከ 100 እንዲሆን ለውጦታል፤ ይኸውም በ100 አባዝቶ በ171 ያካፍለዋል፣ ከ20 ጀምሮ ያለውንም አረንጓዴ ቀለም ይቀባዋል። የእኛ 69.4 እዚያ ሲደርስ 40.6 ይሆናል፤ አረንጓዴ ነው። በአንዱ መሥፈርት «መካከለኛ» የተባለው ያው ኮድ በሌላው ያለ ምንም ለውጥ ጤነኛ ሆነ። ማለፊያ ነጥቡን ዝቅ አድርጎ የክፍሉን ውጤት ማሳመር የምናውቀው ነገር ነው።

እንደዚሁም ቁጥሩ ራሱ ግብ ሲሆን ሰው ለቁጥሩ መሥራት ይጀምራል። 20 ያገኘውን ፈንክሽን አምስት ቦታ ቆራርጦ እያንዳንዱን 4 ወይም 5 ማድረግ ይቻላል። ቁርጥራጮቹ የየራሳቸው ትርጉም ካላቸው ጥሩ ነው። ከሌላቸው ግን አንባቢው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ይውላል፤ ካርዱ ላይ ግን አምስቱም ኤ ናቸው።

ማሽኑ ከምሳሌ ሲማር

እስካሁን ያየነው ሁሉ የተመሠረተው በአንድ እምነት ላይ ነው፤ የፕሮግራሙ ጠባይ ያለው በተጻፈው ኮድ ውስጥ ነው የሚል። በማሽን ለርኒንግ ይህ እምነት ይፈርሳል።

ማሽን ለርኒንግ ማለት ለተማሪው ሕጉን ከመንገር ይልቅ የተሠሩ ጥያቄዎችን በብዛት አሳይቶ ሕጉን ራሱ እንዲደርስበት እንደማድረግ ነው። ፕሮግራመሩ «ከ50 በታች ከሆነ» ብሎ አይጽፍም። ምሳሌዎቹን ያቀርባል፣ ማሽኑ በውስጡ ያሉትን ቁጥሮች እያስተካከለ ከምሳሌዎቹ ጋር ይስማማል። የተስተካከሉት ቁጥሮች ስብስብ ሞዴል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂፒቲ-3 የተባለው ሞዴል 175 ቢሊዮን እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ነበሩት።

አሁን ማኬብን እንጥራው። ሳይኪት-ለርን በተባለው የፓይተን መሣሪያ አንድ ሞዴል ለማሠልጠን የሚያስፈልገው፣ ዳታውን አንብብ፣ አዘጋጅ፣ አሠልጥን፣ አስቀምጥ የሚሉ ተከታታይ መስመሮች ናቸው። አንድም መንታ መንገድ የለም። ውስብስብነቱ 1 ነው! ፓይቶርች በሚባለው ቢጻፍ እንኳ አንዱ ዙር በሌላው ውስጥ ሆኖ 3 ቢሆን ነው። ከተማሪ ማዛወሪያዋ ትንሽ ፕሮግራም ያነሰ ማለት ነው። መለኪያው አልዋሸም፣ የታዘዘውን ቆጥሯል። ውስብስብነቱ ግን ከኮዱ ወጥቶ ወደ ዳታውና ወደ ሞዴሉ ቁጥሮች ሄዷል፤ እዚያ ደግሞ የሚቆጠር መንታ መንገድ የለም።

ይህን በሰፊው ያስረዱት ዴቪድ ስከሊና በጉግል የሚሠሩ ባልደረቦቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በሥራ ላይ በዋለ የማሽን ለርኒንግ ሥርዓት ውስጥ ለትምህርቱ የሚውለው ኮድ ጥቂቱ ክፍል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ዳታ የሚሰበስበው፣ የሚያጣራው፣ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ኮድ ነው ብዙውን ቦታ የሚይዘው። አንድ የበሰለ ሥርዓት ምናልባት ቢበዛ 5 ከመቶው የትምህርት ኮድ፣ ቢያንስ 95 ከመቶው ደግሞ ማጣበቂያ ኮድ ሊሆን ይችላል ብለዋል። በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ አንዱን ነገር መንካት ሁሉን መንካት ነው ሲሉም አስጠንቅቀዋል፤ ምክንያቱም ሞዴሉ የሚማረው ከዳታው ሁሉ በአንድነት ስለሆነ፣ አንድ ዓምድ ቢለወጥ ለሌሎቹ ዓምዶች የተሰጠው ክብደት ሁሉ ይናወጣል።

ከራሳችን ፊደል አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአማርኛ «ሕዝብ» ብለን ብንጽፍ ወይም «ህዝብ» ብለን ብንጽፍ ንባቡ አንድ ነው። ለማሽን ግን አንድ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው። ስለዚህ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳሉ። (ለሰዋስው መምህራን ይህ የሚያስቆጣ ሥራ መሆኑን እናውቃለን፤ ማሽኑ ግን ግዕዝ አልተማረም።) አሁን ሞዴሉ ሲሠለጥን ይህ ማስተካከያ ተደርጎለት፣ በኋላ ሥራ ላይ ሲውል ግን ማስተካከያዋ በሌላ ሰው እጅ ተረስታ ቀረች እንበል። «ኀይል»፣ «ሠራ»፣ «ዐይን» ብሎ በጥንቃቄ የጻፈ ተማሪ ለሞዴሉ የማይታወቅ ቃል የጻፈ ይሆናል። ነጥቡ ይቀንሳል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ የስሕተት መልእክት አያወጣም። ማኬብም ሆነ ሃልስቴድ ቢጠየቁ ደግሞ አንድ ሥራ ስለተቀነሰ ኮዱ ቀልሏል ይላሉ! ፊደሉን ጠንቅቆ ያወቀው ልጅ ተቀጣ፣ መለኪያው ግን አሻሽላችኋል አለ።

ከዚህ የሚከፋም አለ። እነ ስከሊ የተሰወረ የምላሽ ዙር ብለው የሚጠሩትን በትምህርት ቤት ቋንቋ እናስቀምጠው። አንድ ሞዴል «ይህ ተማሪ ትምህርት ሊያቋርጥ ይችላል» ብሎ ይገምታል። ዝርዝሩ ለሌላ ዓላማ ወጥቶ ሳለ፣ አንድ ሰው አይቶት እነዚህን ልጆች ከኋላ ወንበር ያስቀምጣቸዋል። ልጆቹ ችላ ይባላሉ፣ ይዳከማሉ፣ ያቋርጣሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሞዴሉ በዚህ ዳታ ይሠለጥናል፤ ግምቱ ልክ እንደነበረም ያምናል። እዚህ ውስጥ ሁለት ዕዳ አለ። አንደኛው ሞዴሉ የራሱን ጥላ መማሩ ነው። ሁለተኛው፣ ዝርዝሩን ማን ለምን እንደሚጠቀምበት ያልተመዘገበ መሆኑ ነው። ሁለቱም ከኮዱ ውጭ በሰዎች መካከል ስላሉ ኮዱን መስመር በመስመር ብናነበው አናገኛቸውም።

ስለ ሞተ ኮድም ጥቂት እንበል። የማሽን ለርኒንግ ሥራ ሙከራ ይበዛዋል። አሥር ሙከራ ተደርጎ አንዱ ይያዛል፤ የቀሩት ዘጠኙ ግን «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» እየተባለ በኮዱ ውስጥ ይቀራሉ። እነ ስከሊ በዚህ ረገድ የሚጠቅሱት በአሜሪካ ናይት ካፒታል የተባለውን የአክሲዮን ንግድ ድርጅት ነው። ነገሩ ማሽን ለርኒንግ ባይሆንም ትምህርቱ ያው ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ድርጅቱ አዲስ ፕሮግራም በ8 ኮምፒዩተሮች ላይ ሊጭን ሲል አንዱ ተረሳ። በዚያ በተረሳው ላይ ከ2003 ወዲህ ሥራ ላይ ያልዋለ አሮጌ ኮድ ነበረ፤ አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ያንን አሮጌ ኮድ ይቀሰቅስ የነበረውን ምልክት ለራሱ ሥራ ተጠቅሞበት ነበር። የሞተው ኮድ ነቃ። በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሠረ።

ተመራማሪዎች በሚወዱት ጁፒተር ኖትቡክ ላይም ተመሳሳይ ችግር ይታያል። ኖትቡክ ኮዱን በየሳጥኑ ከፋፍሎ የሚያስቀምጥ ደብተር ሲሆን፣ ሳጥኖቹን ከላይ ወደ ታችም ሆነ እንደልብ እያዘዋወሩ ማሠራት ይቻላል። ለሙከራ ድንቅ ነው። ለተተኪ ግን ጣጣ ነው፤ ጸሐፊው አምስተኛውን ሳጥን ከሦስተኛው በፊት አሠርቶት እንደሆነ በምን ይታወቃል? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ጊትሃብ ከተባለው የኮድ ማከማቻ 1.4 ሚሊዮን ያህል ኖትቡኮችን ሰብስቦ ነበር። እንደገና እንዲሠሩ ከተሞከሩት መካከል ያለ ስሕተት እስከ መጨረሻ የሄዱት 24 ከመቶ ግድም ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን ውጤት መልሰው የሰጡት 4 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

አማካይ ሳይሆን ዝቅተኛው

ታዲያ መለኪያ የለም ማለት ነው? አለ እንጂ። ኤሪክ ብሬክና ሌሎች የጉግል ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ2017 28 ፍተሻዎች ያሉት መመዘኛ አውጥተዋል። ፍተሻዎቹ በአራት ረድፍ ሰባት ሰባት ሆነው ተመድበዋል፤ ዳታ፣ ሞዴል፣ የሥራ መዋቅርና ክትትል። የሚጠይቁትም ከኮድ መስመር የራቀ ነው። ወደ ሞዴሉ የሚገባው ዳታ ምን መምሰል እንዳለበት ተጽፏል ወይ? ሞዴሉ ለሁሉም ዓይነት ተጠቃሚ እኩል ይሠራል ወይስ በአማካዩ ውስጥ የተደበቀ የተበደለ ክፍል አለ? ሥልጠናው ቢደገም ያው ውጤት ይመጣል ወይ? ሲበላሽ ወደ ቀድሞው ሞዴል መመለስ ይቻላል ወይ? በሥልጠና ጊዜና በሥራ ጊዜ ዳታው በአንድ ዓይነት መንገድ ይዘጋጃል ወይ? (የፊደላችን ምሳሌ የሚያዘው በዚህኛው ነው።)

ፍተሻው በሰው እጅ ተሠርቶ ከተመዘገበ ግማሽ ነጥብ፣ ማሽን በራሱ በየጊዜው የሚሠራው ከሆነ ሙሉ አንድ ነጥብ ያገኛል። ዋናው ቁም ነገር ግን አደማመሩ ላይ ነው። የአራቱ ረድፎች አማካይ አይወሰድም። የመጨረሻው ነጥብ ከአራቱ ዝቅተኛው ነው። በዳታ 7፣ በሞዴል 7፣ በመዋቅር 7 አግኝቶ በክትትል 0 ያገኘ ሥርዓት ነጥቡ 0 ነው። 0 ያገኘ ሥርዓት እንደ አዘጋጆቹ አባባል ገና የምርምር ሥራ እንጂ ለአገልግሎት የበቃ አይደለም። እኛ አማካይ ማውጣት ለለመድን ሰዎች ነገሩ ጨካኝ ይመስላል። ግን ልክ ነው፤ ሦስት ግድግዳው የጠነከረ፣ አራተኛው የሌለው ቤት ሦስት አራተኛ ቤት አይባልም።

ይህን ጉዳይ ያነሣነው በኮምፒዩተር ክበባችን ውስጥ ክርክር ስላስነሣ ነው። በክበቡ የተሠራ፣ በአማርኛ የተጻፈ አጭር መልስ አንብቦ «ተሟልቷል» ወይም «አልተሟላም» የሚል ትንሽ ፕሮግራም አለ። በራዶን ሲለካ ፈንክሽኖቹ ሁሉ ኤ አገኙ። በዚህ የተደሰቱት፣ ለተግባር ልምምድ የምንሄድበት ትምህርት ቤት ይሰጥና መምህራኑን ከእርማት ያሳርፍ አሉ። ሐሳቡ በቅን ልቡና የቀረበ ነው፤ ከ60 በላይ ደብተር በአንድ ሌሊት ያረመ ሰው ሊንቀው አይችልም። ሌሎቻችን ደግሞ በ28ቱ ፍተሻ እንመዝነው አልን። ዳታ 2.5፣ ሞዴል 1.5፣ መዋቅር 1፣ ክትትል 0 ወጣ። የመጨረሻው ነጥብ 0 ማለት ነው።

ክርክሩ ያኔ ጋለ። «ፕሮግራሙ እኮ ትንሽ ነው፣ የጉግልን መመዘኛ እዚህ ምን አመጣው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መመዘኛው የተዘጋጀው ለትላልቅ ሥርዓቶች ነው። ነገር ግን ክትትል የሚለው ረድፍ ባዶ መሆኑ ከፕሮግራሙ መጠን ጋር አይገናኝም። እኛ በሰኔ ተመርቀን በየአቅጣጫው እንሄዳለን። ፕሮግራሙ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቀራል። ሞዴሉ መሳሳት ቢጀምር የሚያይ ሰው አልተመደበም፣ ቢታይም ለማን እንደሚነገር አልተጻፈም። ልጁ «አልተሟላም» የሚለውን አይቶ ዝም ይላል፤ ከማሽን ጋር የሚከራከር የ5ኛ ክፍል ተማሪ አላየንም።

በስተመጨረሻ የተወሰነው ሁለት ነገር እንዲሠራ ነው። በመጀመሪያ፣ ያው መልስ በሁለት አጻጻፍ፣ አንዴ በሀና በሰ አንዴ በሐና በሠ እየተጻፈ ገብቶ ማሽኑ አንድ ዓይነት ፍርድ መስጠቱን ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ራሱ የሚፈትሽበት መንገድ ይዘጋጃል። ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ በዕጣ የወጡ 10 መልሶች በመምህር እጅ ታርመው ከማሽኑ ፍርድ ጋር ጎን ለጎን በመዝገብ ይሰፍራሉ፤ መዝገቡን የሚይዘው ሰው ስምና ልዩነቱ ሲበዛ ፕሮግራሙ የሚዘጋበት ሥነ ሥርዓትም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፋል። የመጀመሪያው ሙሉ ነጥብ ሲያስገኝ ሁለተኛው ግማሽ ነጥብ ያስገኛል፤ ክትትል ወደ 1.5 ከፍ ሲል ዝቅተኛው መዋቅር ይሆናል፣ የመጨረሻው ነጥብም 1 ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ፕሮግራሙ ከክበቡ ክፍል አይወጣም። ውሳኔውን የተቃወሙት ሁለት ጓደኞቻችን መልሳቸውን በሚቀጥለው ዕትም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ያወጣሉ።